ጄሲ ኤድ ዴቪስ፦ የነባሩን ሕዝብ ዜማ ከብሉዝ ጊታር ጋር ያዛመደው ሙዚቀኛ

ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዓለም ዙሪያ ከተደመጡ የሮክና የብሉዝ ሥራዎች መካከል በርካታዎቹ የአንድ ሰው ጊታር ድምፅ ይሰማባቸዋል። ሥራዎቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ አድማጭ ሁሉ ግን የጊታሩን ባለቤት ስም ያውቃል ማለት አይደለም። ባለቤቱ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወለደው የጊታር ተጫዋች፣ ድምፃዊና የዜማ ደራሲ ጄሲ ኤድ ዴቪስ ነው።

ዴቪስ ከአራቱ የቢትልስ ባልደረቦች ከሦስቱ ጋር በየግል ሥራዎቻቸው ላይ ተሳትፏል። ከቦብ ዲለን፣ ከቢ ቢ ኪንግ፣ ከአልበርት ኪንግ፣ ከጃክሰን ብራውንና ከሊዮናርድ ኮኸን ጋርም ሠርቷል። የሌሎችን ዜማ በማድመቅ ስም ያተረፈው ይህ ሙዚቀኛ የራሱን ሕዝብ ድምፅ በግልጽ ለማሰማት የቻለው ግን በሕይወቱ ውስጥ በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነበር። ከእነዚያ አጋጣሚዎች ትልቁም የመጣለት ለሞት ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው።

ትውልድና ቤተሰብ

ጄሲ ኤድዊን ዴቪስ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1944 በኦክላሆማ ግዛት በኖርማን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄሲ ኤድዊን ዴቪስ ሁለተኛው ሠዓሊ የነበሩ ሲሆን፣ የዘር ሐረጋቸው ከኮማንቺ፣ ከመስኮጊና ከሴሚኖል ሕዝቦች ይመዘዛል። እናቱ ቪቪያን ሳንኪያ ደግሞ ከካይዋ ሕዝብ የተገኙ የፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። በመሆኑም ልጁ ያደገው በአንድ ጣሪያ ሥር ሥዕልና ሙዚቃ በሚኖሩበት፣ የአራት ሕዝቦች ታሪክም በሚተረክበት ቤት ውስጥ ነበር።

እነዚህ ሕዝቦች በኦክላሆማ ምድር የተገናኙት በራሳቸው ምርጫ ብቻ አልነበረም። የመስኮጊና የሴሚኖል ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣውን የነባር ሕዝቦች ማፈናቀያ ሕግ ተከትሎ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተገድደው የመጡ ናቸው። በሜዳማው ምድር ጎሽ እያደኑ ይኖሩ የነበሩት ካይዋዎችና ኮማንቺዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1867 ሜዲሲን ሎጅ በተባለ ስፍራ በተፈረመው ውል መሠረት በተከለለ መሬት እንዲሰፍሩ ተደረገ። ያም መሬት ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1901 ለነጭ ሰፋሪዎች ተከፍቷል። ኦክላሆማ ግዛት ሆና የተዋቀረችው ከዚህ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

የካይዋዎችንና የኮማንቺዎችን ምድር አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ዋሺታ ይባላል። በዚህ ወንዝ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1868 ንጋት ላይ በጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር የሚመራ ጦር ብላክ ኬትል የተባለው የሻያን መሪ ሕዝብ በሰፈረበት መንደር ላይ አደጋ ጥሎ መሪውን ጨምሮ ብዙ ሰው ገድሏል። ካይዋዎችና ኮማንቺዎችም በዚያው ክረምት ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ወንዙን ተከትለው ሰፍረው ነበር። የወንዙ ስም በአካባቢው ተወላጆች ዘንድ የሐዘንም የመኖሪያም ስም ሆኖ ኖሯል። ዴቪስ ከጊዜ በኋላ ስለ ራሱ ሕይወት ለደረሰው ዘፈን «ዋሺታ ላቭ ቻይልድ»፣ ማለትም የዋሺታ የፍቅር ልጅ፣ የሚል ርእስ መስጠቱ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሕግ የታገደ ዜማ

የዴቪስን የሙዚቃ ምንጭ ለመረዳት ከእርሱ መወለድ በፊት የነበረውን የመንግሥት አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው መመሪያ የነባር ሕዝቦች ባህላዊ ዳንሶችና ሥነ ሥርዓቶች እንደ ወንጀል ተቆጥረው እንዲከለከሉ አድርጎ ነበር። መመሪያውን የሚያስፈጽሙት በየተከለለው መሬት የተመደቡ የመንግሥት ሹማምንት ሲሆኑ፣ ትእዛዙን የጣሰ ሰው የምግብ ቀለቡ ሊታገድበት ወይም ሊታሰር ይችል ነበር። ካይዋዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ለፀሐይ ዳንስ ተሰብስበው ሳለ ወታደሮች እየመጡ መሆናቸውን በመስማታቸው ሥነ ሥርዓቱን ሳይፈጽሙ ተበትነዋል። ያ ዓመት በካይዋዎች የዘመን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ የተተከሉት ምሰሶዎች ቆመው የቀሩበት በጋ ተብሎ ተመዝግቧል።

እገዳው በአስተዳደር መመሪያ ደረጃ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የነባር ሕዝቦችን የሃይማኖት ነፃነት በሕግ የሚያረጋግጥ አዋጅ ግን እስከ 1978 ድረስ አልወጣም። ዴቪስ የተወለደው መመሪያው በተነሣ በአሥረኛው ዓመት ሲሆን፣ የቀድሞዎቹን መዝሙሮች በቃላቸው ይዘው የቆዩ አዛውንቶች ገና በሕይወት ነበሩ። እርሱ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ካይዋዎች ለረጅም ጊዜ ተዳክሞ የቆየውን የቅል ዳንሳቸውን በማኅበር ተደራጅተው እንደገና አነሡት። ከበሮው፣ የቅል ጽናጽሉና የኅብረት ዜማው እንደገና በአደባባይ መሰማት ጀመሩ።

የሜዳማው ምድር ሕዝቦች ዜማ የራሱ የሆነ አካሄድ አለው። ዜማው ከከፍተኛ ድምፅ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየወረደ ዝቅተኛው ድምፅ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም እንደገና ከላይ ይነሣል። ድምፃዊው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ብዙውን ጊዜ እየተንሸራተተ ነው። ከበሮው ግን ሳይቋረጥ በአንድ አኳኋን ይመታል። አድማጭ ይህን ልብ ካለ በኋላ የዴቪስን ጊታር ሲሰማ በሁለቱ መካከል የሚገናኝ ነገር እንዳለ መገንዘቡ አይቀርም።

የሙዚቃ መገናኛ የሆነች ግዛት

ኦክላሆማ የነባር ሕዝቦች መኖሪያ ብቻ አይደለችም። በኤሌክትሪክ ጊታር የጃዝን መልክ ከለወጡት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ቻርሊ ክርስቲያን ያደገው በኦክላሆማ ሲቲ ጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነው። የብሉዝና የጃዝ ድምፃዊው ጂሚ ረሺንግ የተወለደውም በዚችው ከተማ ነው። የሕዝብ ዘፈን ደራሲው ውዲ ጋትሪ የኦኪማ ከተማ ልጅ ነው። ቦብ ዊልስና ባንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በተልሳ ከተማ ሬዲዮ የገጠሩን ዜማ ከጃዝ ጋር ቀላቅለው ያሰሙ ነበር።

በኦክላሆማ ሲቲ ያደገው ዴቪስ ከእነዚህ ሁሉ ወንዞች ጠጥቷል። የእናቱ ፒያኖ፣ የካይዋ ዘመዶቹ መዝሙር፣ የጥቁሮች ብሉዝ፣ የነጮቹ ገበሬዎች የካንትሪ ዘፈንና በ1950ዎቹ የተነሣው ሮክ ኤንድ ሮል ለእርሱ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ አልነበሩም። የዘር መለያየት በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ሰፈር በግልጽ በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ ወጣት ከሁለቱም ወገን ሙዚቃ እየወሰደ አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1962 በኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኘው ኖርዝኢስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱን አጠናቀቀ። ገና ተማሪ ሳለ ከአካባቢው ባንዶች ጋር መጫወት ጀምሮ ነበር። ቀጥሎም ወደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ ተማረ። ለቃላት የነበረው ፍቅር በኋላ በደረሳቸው ዘፈኖች ላይ ይታያል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ታዋቂውን ድምፃዊ ኮንዌይ ትዊቲን አጅቦ በየከተማው ተዘዋወረ። በዚህ ሥራው አንድ ድምፃዊ ከጊታር ተጫዋቹ የሚፈልገውን፣ ማለትም መቼ መጫወት፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ፣ ተማረ።

ከታጅ ማሃል ጋር

ዴቪስ ከዚያ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። በከተማዪቱ የቅጂ ስቱዲዮዎች ተፈላጊ ከነበረው የኦክላሆማ ተወላጅ ከፒያኖ ተጫዋቹ ሊዮን ረስል ጋር ተዋወቀ፤ የስቱዲዮ ሥራም አገኘ። ሆኖም ስሙን ያስጠራው ታጅ ማሃል ከተባለው ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ የብሉዝ ድምፃዊ ጋር ያደረገው ትብብር ነው።

ታጅ ማሃል እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተቀረጹ የገጠር ብሉዝ ዘፈኖችን መርጦ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አዲስ ሕይወት ሰጣቸው። ዴቪስ የዚህ አልበም ዋና ጊታር ተጫዋች ነበር። በዚያው ዓመት «ዘ ናችል ብሉዝ»፣ በ1969 ደግሞ «ጃይንት ስቴፕ» የተባሉት አልበሞች ተከተሉ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጌሪ ጊልሞርና ከበሮ መቺው ቸክ ብላክዌል እንደ ዴቪስ ሁሉ ከኦክላሆማ የመጡ ነበሩ። በዘመኑ አንድ ጥቁር ድምፃዊ፣ አንድ የነባር ሕዝብ ተወላጅና ሁለት ነጮች በአንድ ባንድ ተሰልፈው ብሉዝ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ አልነበረም።

ከዚህ ባንድ ከወጡ ሥራዎች አንዱ «ፋርዘር ኦን ዳውን ዘ ሮድ» የተባለው ዘፈን ሲሆን፣ ዴቪስ ከታጅ ማሃልና ከሁለቱ የባንዱ ባልደረቦች ጋር በጋራ የደረሰው ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1968 ሮሊንግ ስቶንስ በለንደን ባዘጋጁት የሙዚቃና የሰርከስ ትርኢት ላይም ተጋብዞ ተጫውቷል። የትርኢቱ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ግን ከ28 ዓመታት ቆይታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር።

የሚንሸራተተው ድምፅ

ዴቪስ በተለይ የሚታወቀው ስላይድ በሚባለው የጊታር አጨዋወት ነው። በዚህ አጨዋወት ተጫዋቹ ከመስተዋት ወይም ከብረት የተሠራ ቱቦ ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ክሮቹ በጣት ተጭነው ከጊታሩ አንገት ጋር ስለማይነካኩ ድምፁ በደረጃ ከመዝለል ይልቅ እንደ ሰው ድምፅ ይስባል፤ ያለቅሳል። ስልቱን ያስፋፉት የሚሲሲፒና የአካባቢው ጥቁር ገበሬዎች ሲሆኑ፣ የጠርሙስ አንገት ወይም ቢላ ይጠቀሙ ነበር።

ዴቪስ ይህን ስልት የተጠቀመበት በቁጥብነት ነው። ጥቂት ድምፆችን መርጦ፣ ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድበት ክፍተት ገብቶ፣ ሐረጉን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እያወረደ ያሳርፋል። በዚህ አካሄዱ የጥቁሮቹ ብሉዝና የዘመዶቹ መዝሙር የተቀራረቡ ይመስላል። ሁለቱም ድምፅ በተወሰነ ደረጃ ላይ መቆም ሳይኖርበት እየታጠፈና እየወረደ ስሜት እንዲገልጽ ይፈቅዳሉና።

የዚህ አጨዋወት ተጽዕኖ ሩቅ ደርሷል። ብላይንድ ዊሊ መክቴል እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረጸው «ስቴትስቦሮ ብሉዝ» በታጅ ማሃል የመጀመሪያ አልበም ውስጥ በዴቪስ ስላይድ ታጅቦ ቀርቧል። ግሬግ ኦልማን እንደተረከው፣ ወንድሙ ድዌን ኦልማን ክንዱ ተጎድቶ ቤት በዋለበት ወቅት ይህንኑ አልበምና አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ለልደቱ ሰጠው። ድዌን ክኒኖቹን ደፍቶ ብልቃጡን ጣቱ ላይ በማጥለቅ ዘፈኑን እየሰማ ስላይድ ተለማመደ። ድዌን ኦልማን በኋላ በዘመኑ ከታወቁት የስላይድ ተጫዋቾች ግንባር ቀደም ለመሆን ሲበቃ፣ «ስቴትስቦሮ ብሉዝ» ደግሞ የኦልማን ብራዘርስ ባንድ መለያ ሆነ። ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር የሚታወሰው ግን የኦልማን ስም እንጂ የዴቪስ አይደለም።

በሌሎች ሥራ ውስጥ

ከ1970 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት ዴቪስ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች እጅግ ከሚፈለጉ የጊታር ተጫዋቾች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1971 ቦብ ዲለን ለቀረጻቸው ሁለት ዘፈኖች ጊታር ተጫውቷል። በዚያው ዓመት የጂን ክላርክን «ዋይት ላይት» የተባለ አልበም ፕሮዲዩሰር ሆኖ አሠርቷል። በዚሁ ዓመት ኦገስት 1 ቀን ጆርጅ ሃሪሰን ለባንግላዴሽ ስደተኞች መርጃ በኒው ዮርክ ባዘጋጀው ታላቅ ኮንሰርት ላይም ከመድረኩ ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ወደ ኮንሰርቱ የተጠራው ኤሪክ ክላፕተን በጤና ችግር ምክንያት መገኘቱ አጠራጣሪ ስለነበር ለመተካት ቢሆንም፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተጫውተዋል።

ጃክሰን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው «ዶክተር ማይ አይስ» የተባለ ዘፈን መካከል የሚሰማው የጊታር ዜማ የዴቪስ ነው። አጭር፣ ግልጽና በቀላሉ በቃል የሚያዝ በመሆኑ ዘፈኑን ያለዚያ ክፍል ማሰብ ያስቸግራል። በ1974 በጆን ሌነን «ዎልስ ኤንድ ብሪጅስ» እና በሪንጎ ስታር «ጉድናይት ቪየና»፣ በ1975 ደግሞ በጆርጅ ሃሪሰን «ኤክስትራ ቴክስቸር» አልበሞች ላይ ተጫውቷል። በዚያው ዓመት ፌሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በአሜሪካ ባደረገው የመጨረሻ የሙዚቃ ጉዞም ተሳትፏል።

በሌላ በኩል ከታላላቆቹ የብሉዝ ሰዎች ጋር መሥራትን አልተወም። አልበርት ኪንግ በ1971 ባወጣው «ላቭጆይ» እና ቢ ቢ ኪንግ በ1972 ባወጣው «ኤል ኤ ሚድናይት» ላይ ተጫውቷል። ራሳቸው የጊታር አውራ ከሆኑ ሰዎች ጎን ተቀምጦ መጫወት ቀላል አልነበረም። ዴቪስ ግን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አልተወዳደራቸውም፤ ቦታ ለቀቀላቸው።

በራሱ ስም

ዴቪስ በራሱ ስም ሦስት አልበሞችን አሳትሟል። እነርሱም በ1971 የወጣው «ጄሲ ዴቪስ!»፣ በ1972 የወጣው «ኡሉሉ» እና በ1973 የወጣው «ኪፕ ሚ ካሚን» ናቸው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ኤሪክ ክላፕተን፣ ሊዮን ረስልና ግራም ፓርሰንስ ተሳትፈዋል። የሙዚቃ ምርጫውንና ዝንባሌውን ለማወቅ ከእነዚህ አልበሞች የተሻለ መረጃ አይገኝም።

በመጀመሪያው አልበም ውስጥ ከራሱ ድርሰቶች ጎን ለጎን የሰሜን አየርላንዱን የቫን ሞሪሰንን ዘፈን መርጧል። በሁለተኛው አልበም ደግሞ የካንትሪ ዘፋኙን የመርል ሃጋርድን፣ የዘ ባንድን፣ የጆርጅ ሃሪሰንንና የሊዮን ረስልን ሥራዎች አካቷል። ሃሪሰን «ሱ ሚ ሱ ዩ ብሉዝ» የተባለውን ዘፈኑን ራሱ ከማሳተሙ በፊት ለዴቪስ ሰጥቶት ነበር። ሃጋርድ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ ከተሰደዱ ድሆች የተወለደ ነው። የዘ ባንድ ዋና ደራሲ ሮቢ ሮበርትሰን በእናቱ በኩል ከሞሃክና ከካዩጋ ሕዝቦች ይወለዳል። ዴቪስ ለዘፈኖቹ ሲመርጥ የቆዳ ቀለምንም ሆነ የሙዚቃ ዓይነትን እንደ አጥር አልቆጠረም። የሚያመሳስላቸው መሬትን፣ መንገድንና ተራ ሰውን የሚያነሱ መሆናቸው ነው።

ከእነዚህ ምርጫዎች መካከል የሊዮን ረስል «አልካትራዝ» የተለየ ትርጉም ነበረው። የነባር ሕዝቦች ወጣቶች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1969 እስከ ጁን 1971 በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ የሚገኘውን የቀድሞውን የአልካትራዝ እስር ቤት ደሴት ይዘው መሬታችን ይመለስልን ብለው ነበር። ረስል ዘፈኑን የደረሰው ስለዚሁ ነው። ዴቪስ የፖለቲካ መፈክር የሚያሰማ ሰው ባይሆንም ይህን ዘፈን በራሱ ድምፅ መዝፈኑ ልቡ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ያሳያል።

በራሱ ድርሰቶች ውስጥ የኦክላሆማ ምድር ተደጋግሞ ይነሣል። «ሪኖ ስትሪት ኢንሲደንት» የሚለው ርእስ በኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኝ ጎዳና የተወሰደ ነው። «ሬድ ደርት ቡጊ ብራዘር» ደግሞ የግዛቲቱን ቀይ አፈር ያነሣል። «ዋሺታ ላቭ ቻይልድ» ውልደቱንና ወደ ሙዚቃ የተጓዘበትን መንገድ የሚተርክ ሲሆን፣ በዘመኑ ከነበሩ የሮክ ዘፈኖች ውስጥ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ስለ ራሱ በራሱ አንደበት ከተናገረባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ነባር ሕዝቦች የተዘፈነው አብዛኛው ዘፈን በሌሎች የተደረሰ ነበር።

አልበሞቹ ግን ገበያ አላገኙም። ሦስተኛው ከወጣ በኋላ በራሱ ስም ሌላ የግል አልበም አላሳተመም።

የውድቀት ዓመታት

የስቱዲዮው ኑሮ ገንዘብና ዝና ቢያስገኝለትም ከአልኮልና ከሄሮይን ሱስ ጋር አስተዋወቀው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጤናው ተጎድቶ ሥራውም ቀንሶ ነበር። በስቱዲዮዎች በየዕለቱ ይጠራ የነበረው ስሙ እየተረሳ ሄደ። ለመዳን በየጊዜው ሕክምና ይገባ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታትም በሎንግ ቢች ከተማ ለነባር ሕዝቦች ተወላጆች በተቋቋመ ክሊኒክ ውስጥ በሱስ የተጠቁ ወገኖቹን በማማከር አገልግሏል።

ወደ ከበሮው መመለስ

እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪስ ጆን ትሩዴል ከተባለው የሳንቲ ዳኮታ ተወላጅ ገጣሚ ጋር ተገናኘ። ትሩዴል በአልካትራዝ ደሴት በተያዘበት ወቅት የሬዲዮ ድምፅ የነበረ፣ በኋላም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ንቅናቄ ሊቀ መንበር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1979 በዋሽንግተን የተቃውሞ ሰልፍ ባደረገ በሰዓታት ልዩነት በኔቫዳ በተነሣ የቤት ቃጠሎ ነፍሰ ጡር ባለቤቱን፣ ሦስት ልጆቹንና አማቱን አጥቷል። ግጥም መጻፍ የጀመረው ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው።

ትሩዴል ዘፋኝ አልነበረም፤ ግጥሙን በንባብ ድምፅ ያሰማል። ዴቪስ ለእነዚህ ግጥሞች ሙዚቃ ለመድረስ ራሱ ፈቃደኛ ሆኖ ቀረበ። ክዊልትማን በመባል የሚታወቀው የዋርም ስፕሪንግስ ተወላጅ ድምፃዊ ደግሞ የባህል ዜማውንና ከበሮውን ጨመረበት። በዚህ ዓይነት የግጥም ንባብ፣ የብሉዝ ጊታርና የነባሩ ሕዝብ መዝሙር በአንድ ሥራ ውስጥ ተሰለፉ። ዴቪስ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማቸው ሁለት ዓለማት ያለ አስታራቂ ጎን ለጎን የቆሙበት ሥራ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 «ኤኬኤ ግራፊቲ ማን» በሚል ርእስ የተዘጋጀው አልበም የወጣው በካሴት ብቻ ነበር። ከኋላው ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ አልነበረም። ሆኖም ቦብ ዲለን የዓመቱ ምርጥ አልበም መሆኑን በይፋ ከመመስከሩም በላይ በራሱ ኮንሰርቶች ላይ በዕረፍት ሰዓት ለሕዝቡ እንዲሰማ አድርጓል። ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ የኤልቪስ ፕሪስሊን ትውስታ የሚያነሣ ሲሆን፣ ለዴቪስም ከጉርምስና ዘመኑ ሙዚቃ ጋር የሚያገናኘው ነበር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1987 የግራፊቲ ባንድና ታጅ ማሃል በሰሜን ሆሊውድ ፓሎሚኖ በተባለው የምሽት ክበብ በተጫወቱበት ምሽት ጆርጅ ሃሪሰን፣ ቦብ ዲለንና ጆን ፎገርቲ ከታዳሚው መካከል ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጥተዋል። ለአሥራ አምስት ዓመታት በእነርሱ መድረክ አጃቢ የነበረው ሰው በዚያች ሌሊት በራሱ መድረክ ተቀበላቸው።

ሕልፈት

ዴቪስ ከሱስ ጋር ያደረገው ትግል በድል አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1988 በሎስ አንጀለስ ቬኒስ በተባለው ሰፈር በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ እንደሆነ ይታመናል። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር።

ከትሩዴል ጋር የጀመረው ሥራ ግን በሞቱ አልቆመም። ጃክሰን ብራውን ቅጂዎቹን አሰባስቦ «ኤኬኤ ግራፊቲ ማን» እ.ኤ.አ. በ1992 ለሰፊው ገበያ እንዲቀርብ አድርጓል። ትሩዴል በ2015 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ዴቪስ በከፈተለት መንገድ ግጥምን ከጊታርና ከከበሮ ጋር ማሰማቱን ቀጥሏል።

የኦክላሆማ ጃዝ የክብር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪስን ከግዛቲቱ ታላላቅ ሙዚቀኞች ተርታ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው «ራምብል» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ለአሜሪካ ዘመናዊ ሙዚቃ ያበረከቱትን አስተዋጽኦ ሲተርክ የእርሱን ታሪክ አካቷል። የታሪክ ተመራማሪው ዳግላስ ሚለር እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ «ዋሺታ ላቭ ቻይልድ» የሚለውን የዘፈኑን ርእስ ተጠቅመዋል።

ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን አልበም የከፈተው ዴቪስ ከታጅ ማሃልና ከባልደረቦቹ ጋር በ1960ዎቹ መጨረሻ በደረሰው በዚያ የመንገድ ዘፈን ነው። ታጅ ማሃል ራሱ በቅጂው ላይ ተሳትፏል። በወጣትነቱ የሌሎችን ዜማ ለማጀብ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ይዞር የነበረው የኦክላሆማው ልጅ በሞተ በ25ኛው ዓመት፣ በተራው ሌሎች የእርሱን ዜማ ተጫወቱለት።